አዮ የሚለው ቃል

እኛ ቤት አያቴን በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። እናቴ አዮ ትላታለች። እኔና ታናሽ ወንድሜም አዮ ነው የምንላት። አባቴ እንኳን አንቱታውን ሳያጓድል አዮ ብሎ ነው የሚጠራት። ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለሱቅ፣ የጎረቤት ልጆች፣ ገበያ የሚያደርሳት የባጃጅ ሹፌር፣ ሁሉም በዚሁ ነው የሚያውቋት። ልጅ ሆኜ ስሟ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን የቀበሌ መታወቂያዋን አግኝቼ ሳነበው ሌላ ስም ተጽፎበት ስላየሁ፣ "አዮ፣ የሰው መታወቂያ ይዘሽ መጥተሻል" አልኳት። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይነሳና ይሳቅብኛል።

ቃሉ ሁለት ፊደል ብቻ ነው። እናቴ ግን ብዙ ታናግረዋለች። ቆረጥ አድርጋ "አዮ" ካለች ምሳ ቀርቧል ማለት ነው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ካለችው አሞሽ ነው ወይ ብላ መጠየቋ ነው። ከግቢው ጫፍ ሆና ስትጣራ ደግሞ መጨረሻውን ትስበዋለች፤ መጀመሪያ ከፍ ታደርገዋለች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ታች ትለቀዋለች። ይህን አጠራር ከእናቴ በቀር ከማንም ሰምቼ አላውቅም። የአስተማሪነት ድምፅ ነው እል ነበር፤ እናቴ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ እዚሁ አዳማ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስታስተምር የኖረች ናት።

እናቴ የአዮ የሥጋ ልጅ እንዳልሆነች ቤታችን ውስጥ ተደብቆ አያውቅም። አዮ የአርሲ ኦሮሞ ናት፣ ከሁሩታ በኩል። ባሏ ወንጂ ሸንኮራ ውሃ የሚያጠጣ ሠራተኛ ስለነበር በወጣትነቷ እዚያ ካምፕ ውስጥ ኖራለች። የእናቴ ወላጆች ደግሞ አገዳ ለመቁረጥ ከወላይታ የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ። በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሞቱ፤ ወባ ነው። እናቴ ያኔ አራት ዓመት አልሞላትም። አዮ ወሰደቻት፤ ባሏ ሲሞትም ይዛት ወደ አዳማ ገባች፣ ከመቂ የሚመጣውን ቲማቲምና ሽንኩርት ገበያ ዘርግታ እየሸጠች አሳደገቻት፣ አስተማረቻት። እናቴ አባቴን አግብታ ፕሮቴስታንት ስትሆን አዮ እንደ ሙስሊምነቷ ቀጠለች። ጠዋት አባቴ ሳሎን መጽሐፍ ቅዱሱን ሲከፍት፣ አዮ ጓዳ መስገጃዋን ታነጥፋለች። ያደግሁት በዚህ መሃል ነው።

እናቴ ወላይታ መሆኗን የምታውቀው በወሬ ብቻ ነበር። ፎቶ የላትም፣ ዘመድ አታውቅም፣ ቋንቋውም ከአእምሮዋ ሙልጭ ብሎ ጠፍቷል። እኔ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ እናቴ የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ከሶዶ የመጣች አዲስ መምህርት ተቀጠረች። ሴትዮዋ እናቴ ወላይታ መሆኗን ከሰው ሰምታ ደስ ብሏት በመምህራን ማረፊያ ክፍል፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ረጅም ሰላምታ በወላይትኛ አወረደችላት። እናቴ ፈገግ ብላ ጠብቃ፣ ሲያልቅ "ይቅርታ፣ ቋንቋው አይሰማኝም" አለቻት። ቤት ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"አንዲት ቃል" አለችው ለአባቴ። "ሌላው ይቅር፣ አንዲት ቃል እንኳን አልቀረችልኝም። ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ የተናገረውን እንዴት አንዲት ቃል አይቀረውም?"

እኔ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ነበር። አዮ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። አንገቷን ቀና አላደረገችም።

"አዮ" የሚለው ቃል ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ምክንያቱም መልሱ ግልጽ ነበር። ኦሮምኛ ነው። አዳማ ውስጥ ኦሮሞ የሆነ ጎረቤት ያለው ሁሉ ልጆች እናታቸውን፣ አንዳንዴም አያታቸውን፣ አዮ ሲሉ ሰምቷል። እናቴም ከአሳዳጊዋ የተማረችው እንደሆነ አምና ነበር የኖረችው።

ባለፈው ዓመት አዮ ግራ ዓይኗን ሞራ ጋርዶት ቀዶ ጥገና ተደረገላት። በማግስቱ ፋሻው እንዲነሳላት እናቴና እኔ ወደ ዓይን ክሊኒኩ ይዘናት ሄድን። ኮሪደሩ በሽማግሌና በአሮጊት ተሞልቷል፤ ሁሉም አንድ ዓይናቸው ተሸፍኖ አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። አዮን በሩ አጠገብ አስቀምጬ ከጎኗ ተቀመጥኩ። እናቴ መድኃኒት ለማውጣት ኮሪደሩ ጫፍ ወዳለው መስኮት ሄደች። ካርዱን አዮ ቦርሳ ውስጥ እንደረሳችው ያወቀችው እዚያ ከደረሰች በኋላ ነው። መመለሱ ደክሟት መሰለኝ፣ ባለችበት ቆማ ተጣራች። ልክ እንደ ግቢያችን፣ ከፍ አድርጋ፣ ስባ፣ ቀስ ብላ ወደ ታች እየለቀቀች።

አዮ ቀና አለች። ከእኛ ፊት ለፊት፣ ሦስት ሰው አልፎ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ደግሞ ብድግ ብለው ቆሙ። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወደቀ። በአንዱ ዓይናቸው ኮሪደሩን ከላይ እስከ ታች እያዩ አንድ ሰው ይፈልጋሉ። አጠገባቸው የነበረችው ጎልማሳ ሴት እጃቸውን ይዛ ልታስቀምጣቸው ብትሞክር እምቢ አሉ።

እናቴ ካርዱን ልትወስድ ስትመጣ አሮጊቷ መንገዷ ላይ ቆመው ጠበቋት።

"የጠራሽው አንቺ ነሽ?" አሏት።

"አዎ እማማ። ይቅርታ፣ አስደነገጥኩዎት?"

"ልጄ የጠራችኝ መስሎኝ ነው። ልጄ ግን ይቺውና አጠገቤ ናት። ወላይታ ነሽ አይደል?"

እናቴ ትንሽ አመነታች። "በትውልድ ነኝ። ቋንቋውን ግን አላውቀውም። የጠራሁት እናቴን ነው፤ ያቺውና። እሷ ኦሮሞ ናት፤ አዮም ኦሮምኛ ነው።"

"እኛም እናትን አዮ ነው የምንለው" አሉ አሮጊቷ።

"በወላይትኛ?"

"በወላይትኛ ነዋ። ቃሉ የነሱም ይሁን፤ እዚህ አገር ብዙ ሰው አዮ ሲል እሰማለሁ። ቃሉን ብቻ ብሰማ አልነሳም ነበር። አጠራርሽ ግን የኛ አገር ነው። ሴት ልጅ ወንዝ ወርዳ፣ ከታች ሆና እናቷን ስትጣራ ልክ እንደዚያ ነው የምትስበው። ከአገሬ ከወጣሁ ጀምሮ እንደዚያ ሲጣራ ሰምቼ አላውቅም። ማን አስተማረሽ?"

እናቴ ቀስ ብላ ወደ አዮ ዞረች። እኔም ዞርኩ። አዮ ባልተሸፈነው ዓይኗ የኮሪደሩን ወለል ታያለች። እጆቿ ጉልበቷ ላይ ናቸው፣ አንዱ ሌላውን ጭምድድ አድርጎ ይዟል።

"አዮ?" አለች እናቴ።

"ፋሻውን ያንሱልኝና ቤት እንግባ" አለች አዮ።

እናቴ ከአሮጊቷ ልጅ ጋር ስልክ ተለዋወጠች። ልጅቷ ወንጂ ባል አግብታ የምትኖር ናት፤ እናቷን ከሶዶ አምጥታ የምታሳክማቸው እሷ ነበረች።

አዮ የተናገረችው በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው። በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር። ዓይኗ ፀሐይ እንዳያገኘው ጥቁር መነጽር ተሰጥቷታል፤ መነጽሩ ለፊቷ በጣም ትልቅ ነው። እናቴን ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠቻት። እኔ ለመነሳት ስቃጣ "አንቺም ተቀመጪ፣ አንድ ጊዜ ነው የምናገረው" አለችኝ።

"የካምፑ ቤቶች ተያይዘው የተሠሩ ናቸው" ብላ ጀመረች። "አንድ ግድግዳ ለሁለት ቤት ነው። እናትና አባትሽ ከጎናችን ያለውን ክፍል ይዘው ገቡ። እናትሽ ቀጭን፣ ረጅም፣ ወጣት ነበረች። እሷ ኦሮምኛ አታውቅም፣ እኔም የነሱን አላውቅም፤ አማርኛም ያኔ ሁለታችንም የለንም። ቧንቧው ጋ ስንገናኝ እንሳሳቃለን፣ ያ ብቻ ነው። አንቺን በጀርባዋ አዝላ ነበር የምትመጣው።"



"እኔ ያኔ ሁለት ልጅ ቀብሬያለሁ" አለች አዮ። "ሁለቱም አፍ ሳይፈቱ ነው የሞቱብኝ። አዮ ሳይሉኝ ማለት ነው። አንድ ቀን ቤቴ ተቀምጬ በግድግዳው በኩል ሕፃን ስትናገር ሰማሁ። የምትለው ሁሉ ምንም አይገባኝም። እንደ ወፍ ነው። ድንገት ከመሃሉ አዮ የሚል ቃል ወጣ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። አገራቸው ሩቅ ነው፣ ቋንቋቸው ሌላ ነው፣ ይቺ ቃል ግን የኔ ናት። እናቷን እየጠራች እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግድግዳው ሥር መቀመጥ ጀመርኩ። ስትጣሪ ለመስማት።"

ከመንገዱ የባጃጅ ጥሩምባ ተሰማ፣ አለፈ።

"ከዚያ እናትሽ ታመመች። ክሊኒክ ወሰዷት፣ አልተመለሰችም። አባትሽ አገዳ ሲውል አንቺ ካምፑ ውስጥ ትዞሪ ነበር። በየደጁ እየቆምሽ አዮ ትያለሽ። ጎረቤቱ ምግብ ይሰጥሻል፤ አትቀበይም። የተራብሽ መስሏቸው ነው። አንቺ ግን የምትፈልጊው ሌላ ነው። በሦስተኛው ቀን የኔ ደጅ ላይ ቆመሽ አዮ አልሽ። ያንን አሁንም የምትይውን፣ ረጅሙን።"

"አንቺስ?" አለች እናቴ።

"እኔን እንዳልሆነ አውቃለሁ ኢንተላ ኮ። ልጄ፣ በደንብ አውቃለሁ። ግን ቃሉ የኔም ቃል ነው። በቋንቋዬ አዮ ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም። አንቺ በአባትሽ አገር ቋንቋ ጠራሽ፣ እኔ በኔ ሰማሁት። አሰን ጂራ አልኩሽ። እዚህ አለሁ ማለቴ ነው። ዝም ብለሽ አየሽኝ፣ ረጅም ጊዜ አየሽኝ። ከዚያ ገባሽ።"

እናቴ እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ ነበር። እኔ ወዴት እንደማይ ጠፋኝ።

"አባትሽ ማታ ሲመጣ ተኝተሽ አገኘሽ" አለች አዮ። "ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ለኔ ሰጥቶሽ ነበር ሥራ የሚሄደው። በክረምቱ እሱም ታመመ፤ አንቺም እኔ ጋ ቀረሽ። በዓመቱ ኦሮምኛ አቀላጥፈሽ ተናገርሽ። የነሱ ቋንቋ እየጠፋ፣ እየጠፋ ሄደ። እኔ መልሼ ላስተምርሽ አላውቀውም። አዮ ብቻ ቀረች።"

"መምህርቷ ሰላም ያለችኝ ቀን" አለች እናቴ፣ "አንዲት ቃል አልቀረችልኝም ስል እዚያው ነበርሽ።"

"ነበርኩ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

አዮ መነጽሩን አወለቀች። ዓይኗ ቀልቶ ውሃ ያቀርራል፤ ከቀዶ ጥገናው ይሁን ከሌላ አላወቅሁም። "ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ፈራሁ። ቃሉ የናትሽ መሆኑን ካወቅሽ መልሰሽ ትወስጂብኛለሽ ብዬ ፈራሁ።"

"ምኑን ነው የምወስድብሽ?"

"ስሜን" አለች አዮ።

እናቴ ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ መቆጣቷም ፍትሐዊ ይሆን ነበር፤ ዕድሜዋን ሙሉ የፈለገችው ነገር እየታወቀ ያልተነገራት እኮ ናት። ያደረገችው ግን ሌላ ነው። ወንበሯን አስጠግታ የአዮን እጅ ያዘችና ጠየቀቻት።

"ስጠራት ምን ትለኝ ነበር?"

"ቃሉን አላውቀውም" አለች አዮ። "ግን ሁልጊዜ ትመልስልሽ ነበር። ውጭ ብትሆንም፣ ሥራ ላይ ብትሆንም። እስከታመመችበት ቀን ድረስ ጠርተሻት ያልመለሰችበት ቀን የለም። በግድግዳው ሰምቻለሁ፤ እመሰክራለሁ።"

ያን ጊዜ ነው እናቴ ያለቀሰችው። አዮም አለቀሰች፤ ሐኪሙ እንዳታለቅስ ብሎ ነበር፣ ማን ይከለክላታል።

እኔ ለብዙ ቀን ሥራ ላይ ሆኜ እንኳን ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። እናቴ ስድሳ ዓመት አልፏታል። የልጅነት ቋንቋዬ ጠፋብኝ ብላ እያዘነች፣ ያንኑ ቋንቋ በቀን ሃያና ሠላሳ ጊዜ ስትናገር ኖራለች። እናቷ የሞተችባት ሕፃን የተጣራችበትን ዜማ እንኳን ሳታጎድል፣ አዮን ለምሳ ስትጠራት፣ መድኃኒቷን እንድትወስድ ስታስታውሳት። ማንም አላስተማራትም፣ ማንም አላስታወሳትም። ቃሉ በራሱ እዚያ ቆየ። የሚቆይበት ቤት ያገኘውም አጋጣሚ ሆኖ በሌላ ሕዝብ ቋንቋም ያው ቃል ስለነበረ ነው። ጎረቤቲቱ እናትን በሌላ ቃል የሚጠራ ሕዝብ ልጅ ብትሆን ኖሮ፣ ሕፃኗ አዲሱን ቃል ተምራ የድሮውን ትረሳ ነበር።

የባለቤቴ ጓደኛ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቋንቋ ያስተምራል። ቤታችን ሲመጣ ይህን ነገር አነሳሁበት። ኦሮምኛ የኩሽ ቋንቋ፣ ወላይትኛ የኦሞ ቋንቋ መሆናቸውን፣ ቢዛመዱም ዝምድናቸው በጣም ሩቅ መሆኑን ነገረኝ።

"ታዲያ ቃሉ እንዴት አንድ ሆነ?" አልኩት።

"ምናልባት ከአንድ ጥንታዊ ሥር የወረደ ይሆናል። ምናልባት ጎረቤታሞች ስለሆኑ አንዱ ከሌላው ወስዶት ይሆናል። አለዚያም ሕፃን አፉን ሲከፍት በቀላሉ የሚወጣ ድምፅ ስለሆነ እናቶች በየአገሩ እኔን ነው ብለው ወስደውት ይሆናል። በአማርኛም ታላቅ ወንድምን አያ እንላለን፣ አያትም እንላለን፤ ከዚያ ጋር ይገናኝ አይገናኝ ማን ያውቃል።"

"ከነዚህ የትኛው ነው ትላለህ?"

"አላውቅም። እርግጠኛ ነኝ የሚልሽ ሰው ካገኘሽ ጠርጥሪው" አለኝ።

ሦስተኛው ግምት ከሁሉም በለጠብኝ፤ እናቶች እኔን ነው ብለው ወሰዱት የሚለው። አዮ ደጇ ላይ ያደረገችው ልክ ያንን ነው።

ወር ያህል ቆይቶ ሦስታችን በሚኒባስ ወንጂ ወረድን። አሮጊቷ ሶዶ ከመመለሳቸው በፊት ሁለተኛውን ዓይናቸውን እስኪታከሙ ልጃቸው ጋ ቆይተው ነበር። ቀድሞ የኖሩበት ካምፕ የትኛው እንደሆነ አዮ ልትለየው አልቻለችም፤ ቤቱ ተቀያይሯል፣ ዛፉ ሌላ ነው፣ አገዳው ብቻ እንደ ድሮው ነው። እናቴ የወላጆቿን መቃብር ተስፋ አድርጋ ነበር መሰለኝ፤ እሱ አልተገኘም። አዮ በእጇ ወደ አንድ ሜዳ አመለከተች፣ ከዚያ "እርግጠኛ አይደለሁም" ብላ እጇን መለሰች።

አሮጊቷ ግን በር ላይ ቆመው ጠበቁን። እናቴን አቅፈው አልለቅ አሉ። ከዚያ አዮን አቀፉ፤ ሁለቱም አጭር ናቸው፣ ሁለቱም ጥቁር መነጽር አድርገዋል። እናቴ ለልጃቸው በስልክ የነገረቻትን ታሪክ ሰምተው ስለነበር አዮን፣ "አደራችንን ጠበቅሽልን" አሏት። አዮ መሬት መሬት አየች።

እናቴ የተማሪ ደብተር ይዛ ነበር የሄደችው። ያን ቀን ሳሮ ማለትን ተማረች፤ ሰላም ማለት ነው። ሃታ ማለትን ተማረች፤ ውሃ ነው። አሮጊቷ ይላሉ፣ እናቴ ትደግማለች፣ እሳቸው አንገታቸውን ነቅንቀው ያርማሉ። ዕድሜዋን ሙሉ ልጆችን ፊደል ያስቆጠረች ሴት፣ ጉልበቷ ላይ ደብተር ዘርግታ ስትታረም አየሁ። አንዳንዱን ቃል ስትሰማ ፊቷ ይለወጥ ነበር። አውቀዋለሁ ልትል ትፈልግና አትደፍርም።

አሮጊቷ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ልጃቸው አላቋረጠችም። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ወንጂ ወርዳ ከእሷ ትማራለች። ማታ ስትመለስ አዮ የዛሬውን ንገሪኝ ትላታለች፣ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ደብተሩን አብረው ያጠናሉ። አዮ ማንበብ አትችልም፣ በጆሮዋ ነው የምትይዘው። ከእናቴ ቀድማ የምትይዘው ቃል አለ።

ትናንት ከሰዓት ልትሰግድ ተነስታ፣ ለውዱ የምትታጠብበትን ማንቆርቆሪያ ባዶውን አቀበለችኝና "ሃታ" አለችኝ።